የመልስ ነዳጅ፦ በጀልባ ወደ ጎርጎራ

እናቴ ጎርጎራን፣ ጣና ሰሜን ዳር ያለችውን የትውልድ ቦታዋን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ1976 ነው። በመተማ አድርጋ ሱዳን ስትገባ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጀርባዋ ላይ ታዝዬ። ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ ሲያትል። አዲስ አበባ ሁለት ሦስቴ ተመላልሳለች። ጎርጎራ ግን ሳይሆንላት 34 ዓመት አለፈ። ለ2010 ጥምቀት ጎንደር እንሂድ ስንባባል «እንግዲያው በጎርጎራ በኩል ነው የምገባ። ያውም በውሃ» አለች። ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር በመርከብ ባሕር ዳር ደርሳ ታውቃለች። በአስፋልቱ እኮ ሦስት ሰዓት ነው ብንላት «እናንተ ሂዱበት» አለች።

እሷ፣ እኔና የ11 ዓመት ልጄ ሄድን። ጉዞው ጥሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ ነበር። ግን ጣና ላይ ጀልባ ለመከራየት የምታስቡ ካላችሁ አንዲት 3,000 ብር አለች፤ ስለ እሷ ሳልነግራችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያኔ የሕዝቡ መርከብ በሳምንት አንዴ ነበር። እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ይነሣ ነበር፤ ደቅን ነክቶ ቁንዝላ ያድርና ሰኞ ጎርጎራ ይገባ ነበር። እኛ ደግሞ በአውሮፕላን ባሕር ዳር የደረስነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ? እናቴ ምንም አላለችም። አለማለቷ ይብሳል።

ስለዚህ የግል ጀልባ ፍለጋ ወጣሁ። ሩቅም አልሄድኩ። ሆቴሉ በር ላይ አንድ ወጣት አገኘሁ፤ ወይም እሱ አገኘኝ። ጸጉሩን የተስተካከለ፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣ አፉ ማር። ከጫማዬ ጀምሮ ሽቅብ አየኝና «እንኳን ወደ አገርዎ በሰላም መጡ ጋሼ» አለኝ። አንድም ቃል ገና አልተናገርኩም።

5,500 ብር ጠራ። እኔ እንኳን ለመከራከር ሞክሬ ነበር። ዶላር በባንክ 27 ብር ገደማ ነበርና በልቤ አካፈልኩት፤ 200 ዶላር አካባቢ መጣልኝ። ለሦስት ሰው፣ ለሙሉ ቀን፣ ጣናን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ? ርካሽ! አልኩ። ይህ የእኛ የውጪዎቹ በሽታ ነው። ያየነውን ሁሉ እናካፍላለን። የረሳነው ነገር ደላላውም ማካፈል ማወቁን ነው።

«ሌላ የሚጨመር የለም አይደል?» አልኩት።

«ምን ይጨመራል ጋሼ! ሁሉም ውስጡ ነው። ነዳጅ በሉ፣ ካፒቴን በሉ፣ አስጎብኚ በሉ። የእርስዎ ሥራ መዝናናት ብቻ።»

«ምን ይጨመራል» ጥያቄ እንጂ መልስ አለመሆኑ የገባኝ በማግሥቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። 3,000 ብር ቀብድ ሰጠሁት። ደረሰኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሲያትል ላይ ለአንድ ማኪያቶ ደረሰኝ የምቀበል ሰውዬ ነኝ።

ቀጠሯችን ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። እናቴ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ፣ ጸሎቷን አድርሳ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። 12 ተኩል ላይ ውሃው ዳር ደረስን። ጀልባው አለ፤ ካፒቴኑ አለ፤ ደላላው የለም። ስልኩ አይነሣም። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ተኩል ላይ ደወለና «ነዳጅ እየቀዳሁ ነው፣ አምስት ደቂቃ» አለ። ሁለት ሰዓት ላይም አምስት ደቂቃ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤንዚን በጀሪካን ለመቅዳት ደብዳቤ እንደተጠየቀ፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰው ደግሞ ቁርስ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። ይህን ሁሉ ትናንት ማድረግ አይቻልም ነበር ወይ? ስለው፣ «ትናንት እኮ እሑድ ነው ጋሼ» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ሲያትል ውስጥ መርከብ ማለት እንደ አውቶቡስ ነው። ከመሃል ከተማ ወደ ቤይንብሪጅ ደሴት 35 ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንተን አይጠብቅም። ስንቴ በሩ ሲዘጋ ደርሼ ረግሜዋለሁ። ጣና ዳር ጀሪካን ስጠብቅ ግን ያንን የተረገመ በር ናፈቅሁት። ልጄ ግን አልተማረረችም። ሁለት ፔሊካኖች ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት ሲሻሙ እያየች ሁለት ሰዓት ተኩሉን ጨረሰችው። ዳር ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ለእናቴ በርጩማ ሰጠቻት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ስኒዎች አስከፍላን አራተኛውን «ለመንገድ ነው» ብላ በነጻ ሰጠችን። ይህን የምጽፈው ክርክሩ ውስጥ ገብቼ እንዳልረሳው ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣን።

ስለ ካፒቴኑ ልንገራችሁ። ካፒቴን የምንለው እኛ ነን፤ ዕድሜው 25 ቢሆን ነው። ባዶ እግሩን ነው የሚነዳው። ወሬ አያበዛም። አምስት ሰው ሆነን ላይፍ ጃኬቱ ሦስት ነው፤ ሦስቱንም ለእኛ አለበሰን። የእናቴ መቆለፊያው ተሰብሯል። ቅር እንዳይላት ነው መሰለኝ ምንም ሳይል ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ፣ ነጠላዋን ገለል አድርጎ፣ ደረቷ ላይ በሁለት ቋጠሮ አሰረላት። «ጠበቀብዎት እማማ?» አላት። «የሕፃን አደረግኸኝ» አለችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሷ ልጅ ሆነ።

ጠዋት ጣና ዝም ያለ ነው። ከባሕር ዳር ወጥተን የዘጌ ደን በግራ ካለፈ በኋላ ዙሪያው ውሃ ብቻ ሆነ። አንድ የደንገል ታንኳ አየን፤ አንድ ሰው በቀርከሃ እየቀዘፈ እንጨት ጭኖ ይሄዳል። ልጄ ፎቶ አነሣች። እናቴ ታንኳውን እስኪጠፋ ድረስ አየችው። ምን እያሰበች እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ላይ ወረድን። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። በሩ ላይ የተቀረጸውን ፒፓ የያዘ ፈረንጅ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው ይላሉ። ውስጡን ለመተረክ አልሞክርም፤ ግድግዳው ከእግር እስከ ራስ ሥዕል ነው፣ ሄዳችሁ እዩት። እኔ የምነግራችሁ የመግቢያውን ነገር ነው። ዋጋው ለውጭ ሰውና ለአገር ሰው ይለያያል። የኔ ፓስፖርት የአሜሪካ ነው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬ፣ ያቺ ቢጫዋ፣ ሆቴል ሻንጣ ውስጥ ቀርታለች ብዬ ስዋሽ (ጊዜው ካለፈ ቆይቷል) መጋቢው ቄስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እኔን ትተው ልጄን አዩ።

«የክርስትና ስምሽ ማነው?»

ልጄ አማርኛዋ ስባሪ ነው። ይህቺን ግን አያቷ በደንብ አስጠንታታለች። «ወለተ ማርያም» አለች፤ ከነ አሜሪካ ቅላጼዋ።

«የአገር ሰው» አሉ ቄሱ፤ ትኬቱን ቀደዱ። ለሦስታችንም። ሒሳቡ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ትኬት ቆረጡልን፤ መልሳችንን ቆጥረው ሰጡን። በዚያ ቀን ዋጋውን ቀድሞ የነገረን ብቸኛው ሰው ቄሱ ናቸው።

ከደቅ አጠገብ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ። የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል አጽም ያለበት። ሴት አይገባም። ደላላው፣ አሁን አስጎብኚ ሆኗል፣ «ጋሼ እርስዎ ብቻዎን ይውጡ፣ ሴቶቹ ጀልባ ላይ ይጠብቁ፣ ትንሽ ነገር ጨምረው» አለኝ። «ትንሽ ነገር ጨምረው» የምትለዋ ቃል ያኔ ብታነቃኝ ጥሩ ነበር። አልወጣሁም። ልጄ ለምን ሴት እንደማይገባ ጠየቀችኝ፤ እኔ ማብራራት ጀምሬ ሳልጨርስ እናቴ «ወንዶቹ እንዳይፈተኑ ነው» ብላ ቋጨችው። ልጄ «ታዲያ የእነሱ ችግር አይደለም?» አለች። ካፒቴኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ይህን ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሌላ ነው። ለዚህ ነው በጠዋት ተነሡ የሚባለው። ሁለት ሰዓት ተኩል በጀሪካን የተበላብን ጠዋት እዚህ ጋ መጣብን። ጣና ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ከ15 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ነው። ጀልባው ይነሣል፣ ይፈርጣል። ይነሣል፣ ይፈርጣል። ውሃው እናቴን ከነነጠላዋ አራሳት። ደላላው ፊቱ አመድ መሰለ። ካፒቴኑ ቆሞ ነው የሚነዳው፤ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ እያንዳንዷ ማዕበል ላይ። ጎኑን ለማዕበል አልሰጠም። ወደ ግራ ይዘረጋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይዘረጋል። እናቴ «በስመ አብ» ትላለች እንጂ አልፈራችም። ልጄ ደግሞ የመዝናኛ ፓርክ መሰላት።

ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ስንቃረብ ሞተሩ አነቀው። እምቦጭ ነው። ነፋሱ እየነዳ ያመጣው አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ላዩ ላይ ወይን ጠጅ አበባ። «ቆንጆ ነው!» አለች ልጄ። ቆንጆ መሆኑ ነው የሚያናድደው። ሲያትል ላይ ለእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ብለን በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አዋጥተናል፤ እንጀራ በወጥ ሸጠናል፤ እኔም ሁለት ቲሸርት ገዝቻለሁ። ጠላቴን በአካል ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ካፒቴኑ ሞተሩን ከውሃው አንሥቶ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ሥሩን በካራ እየቆረጠ አወጣ። ጥቁርና ረጅም ጸጉር የመሰለ ሥር ነው። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ እኔም ሸሚዜን ሰብስቤ አጠገቡ ተኛሁ። እናቴ ዳርቻውን እያየች «ይሄ በእኛ ጊዜ አልነበረም» አለች። በእሷ ጊዜ አልነበረም። ጣና ላይ ታየ ከተባለ ያኔ ገና ስድስት ዓመት ገደማ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ጎርጎራ ደረስን። አሁን ወደ ነገሬ መጣሁ።

ወደቧ ትንሽ ናት። ዛፍ፣ አንዳንድ ያረጁ ጀልባዎች፣ ድንጋይ ላይ የተሰጣ መረብ። እናቴ ገና እግሯን ሳታነሣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ስትወርድ ልቀርጻት ቆሜያለሁ። በዚህ መሃል ደላላው በትከሻዬ በኩል መጣና ዝግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ የመልሱን እናስተካክል» አለኝ።

«የምን መልስ?»

«የመልስ ነዳጅ ነዋ። ጀልባው እኮ ባዶውን ነው የሚመለሰው።»

«ሁሉም ውስጡ ነው አላልክም?»

«ሁሉም እስከ ጎርጎራ ነው ጋሼ። እርስዎ ጎርጎራ አሉ፤ ጎርጎራ አደረስንዎት።»

ለነዳጅ 2,500፣ ለካፒቴኑ አዳርና ምግብ 1,000፤ በድምሩ 3,500 ብር። ከቀሪው 2,500 ብር ሒሳብ ሌላ። ሻንጣዎቻችን ገና ጀልባው ውስጥ ናቸው። ቀማኝ አልልም። ግን አንድ እግሩን ትልቁ ሻንጣ ላይ አሳርፎ ነው የሚያወራኝ።

እኔ ስናደድ እንግሊዝኛ ይቀድመኛል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ እንግሊዝኛ ባወጣሁ ቁጥር ዋጋው ይጠነክራል። ለሱ ስለ ቤይንብሪጅ ነገርኩት። እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም። እኛ አገር፣ አልኩት፣ («እኛ አገር» ያልኩት አሜሪካን መሆኑ በኋላ አሳፈረኝ) መርከብ ላይ በእግር የገባ ሰው ሲሄድ ነው የሚከፍለው፣ ሲመለስ የሚጠይቀው የለም! ደላላው በትዕግሥት ሰምቶኝ «አሪፍ ነው፤ እዚህም መንግሥት ቢደጉመን እናደርገው ነበር» አለኝ። ያናደደኝ ትክክል መሆኑ ነው።

ነገሩ ገንዘቡ አይደለም እላለሁ፤ ሁሉም እንዲህ ይላል። ሦስት ሺህ አምስት መቶን በ27 ሳካፍለው ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። ባሕር ዳር ላይ «የመልሱን ጨምሮ 9,000 ነው» ቢለኝ ትንሽ አጉረምርሜ እከፍል ነበር። የሚያንገበግበው የተመረጠችዋ ደቂቃ ናት። እናትህ ከ34 ዓመት በኋላ የትውልድ አፈሯን ልትረግጥ አንድ እግሯን ስታነሣ፣ በዚያች ደቂቃ የሚከራከር ልጅ የለም ብሎ ነው። ሥራውን ያውቃል።

እኔ ግን ተከራከርኩ። ግማሽ ሰዓት። ሰው ተሰበሰበ። ልጄ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫዋን ሰካች። ካፒቴኑ ጀርባውን ሰጥቶን ገመዱን ያስራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያስራል።

ከተሰበሰበው መሃል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። እኛን አይሰሙም። እናቴን ነው የሚያዩት። ቀረብ አሉና፣

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሏት።

እናቴ የአባቷን ስም ጠራች።

ሽማግሌው ዝም አሉ። «በርበሬ ነጋዴው?» አሉ ቆይተው። «ቀዩ በቅሎ የነበራቸው?»

በቅሎዋን እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ። እናቴ ተረት ስታወራ በቅሎዋ ትገባለች። እውነተኛ በቅሎ መሆኗን ግን አምኜ አላውቅም ነበር። እናቴ «አዎ፣ ቀዩ በቅሎ» አለችና ትከሻቸው ላይ ወደቀች። ሁለቱም ለቅሶ ጀመሩ። የሞቱትን በስም እየጠሩ። የ34 ዓመት ሙታን ናቸው፤ ቶሎ አያልቁም። እዚያ የቆምነው ሁሉ፣ ደላላውም ጭምር፣ አንገታችንን ደፋን። እግሩን ከሻንጣው ላይ ያነሣው ያኔ ነው።

ለቅሶው ሲበርድ ሽማግሌው ፊታቸውን ጠርገው ወደ እሱ ዞሩ። «በሉ አሁን ስንት ነው ነገሩ?» ነገራቸው። «የአገር ልጅ ናት እኮ።» «አውቃለሁ አባቴ፣ ግን ነዳጁ…» ሽማግሌ ማለት ነገሩን አጥፍቶ የሚሄድ ሳይሆን መሃል ላይ የሚያሳርፍ ነው። 500 ብር አስቀነሱልን። እኔ ገና አልረካሁም፤ አፌን ልከፍት ስል እናቴ «ስጠው በቃ። ጭቅጭቅ ልሰማ ነው ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼ የመጣሁ?» አለች። ከቀሪው ሒሳብ ጋር 5,500 ብር ቆጠርኩለት። «ይመችዎት ጋሼ፤ ሲመለሱ ይደውሉልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንድደውልለት ይጠብቃል።

ደብረ ሲና ማርያም የደረስነው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ክብ፣ የሣር ክዳን፣ በዛፍ የተከበበች። 14ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተተከለች ናት። እናቴ ክርስትና የተነሣችው እዚያ ነው። ጫማዋን አውልቃ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች፤ እየሳመች፣ እየቆመች። ዲያቆኑ ሊዘጋ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር፤ አላጣደፋትም። ሥዕሎቹን በባትሪ አሳየን። ልጄ ሰይጣኑ ላይ ተሳለቀች።

ማርያም ግምብን አላየንም። ዐፄ ሱስንዮስ የተቀመጡበት፣ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን የገነቡበት ፍርስራሽ እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላውን ለሱ ነበር ያስቀመጥኩት። ጀሪካኑና የመልስ ነዳጁ በሉት።

ያደርነው ሐይቁ ዳር ያለ የድሮ ሆቴል ነው። ግቢው ገነት ነው። ክፍሉ ግን አርጅቷል፤ ቧንቧው ይተነፍሳል እንጂ ውሃ የለውም፤ በባልዲ አመጡልን፣ አንዱን ባልዲ ሙቅ አድርገው። ማብሰያ ቤት ያለችው ሴት ቀረሶ ዓሣ ከነራሱ ጠብሳ፣ ዳጣ አድርጋ አቀረበችልን። እናቴ ራሱን አንሥታ መምጠጥ ጀመረች፤ ሲያትል ውስጥ ዓሣ አልወድም የምትል ሴት ናት። ሒሳቡ ሲመጣ ሜኑ ላይ ከተጻፈው ሳንቲም አልተጨመረበትም። ሁለቴ ደመርኩት። ለምዶብኝ ነው።

ካፒቴኑን አብሮን እንዲበላ ጠራነው። አፍሮ እንቢ አለ፤ እናቴ አጎረሰችው፤ ተቀመጠ። ከበላ በኋላ ስለ አዳሩ 1,000 ብር ጠየቅኩት። ፈገግ አለ። «እኔ ጀልባው ውስጥ ነው የማድረው ጋሼ። ሞተሩን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ለቀኑ የሚደርሰው 400 ብር ነው፤ መንገዱ ቢረዝምም ቢያጥርም። ያንን ማዕበል በባዶ እግሩ ቆሞ ያሳለፈን ለዚያ ነው። 500 ብር በእጁ ሰጠሁት። ደላላው እንዳያየው በካልሲ ሳይሆን (ካልሲ የለውም) በኮፍያው ውስጥ ሸጎጠው።

ጣና ላይ የምትሄዱ፣ ካፒቴኑን ራሱን ፈልጉና አነጋግሩ። ለመሄድ ስንት፣ ለመመለስ ስንት፣ ለመቆም ስንት፣ ለአዳር ስንት፤ አንድ በአንድ አስቆጥሩ፤ ወረቀት ላይ አስጽፉ። ነዳጁ ዋዜማውን ይቀዳ፤ ጀሪካኑን በዓይናችሁ እዩት። ላይፍ ጃኬቱንም ቁጠሩ። የሕዝቡ መርከብ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ እሱን ያዙና ይህን ሁሉ እርሱት።

ወደ ጎንደር የሚወስደን መኪና ለጠዋት ሦስት ሰዓት ተቀጥሮ ነበር፤ በጯሂትና በቆላ ድባ አድርጎ አዘዞ የሚወጣው መንገድ ነው፤ አቧራውን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኔና እናቴ ግቢው ውስጥ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ከዚያ ወደቧ ትታያለች። ጀልባችን አለ። ካፒቴኑ ሞተሩን ያናፍሳል። አንዲት ሴት ማድጋ ይዛ ገባች። ሁለት ሰዎች የሽንኩርት ጆንያ ጫኑ። ሌላ ሴት ከነልጇ። አንድ ቄስ ከነጥላቸው። በግ የሚጎትት ልጅ። ደላላው ጫፉ ላይ ቆሞ፣ እያንዳንዱ ሲገባ እጁን ይዘረጋል፣ ይቆጥራል፣ ኪሱ ይከታል።

ባዶውን የሚመለሰው ጀልባ ይህ ነው።

ተነሣሁ። እናቴ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ስኒዋን እንደያዘች ዓይኗን አጥብባ ቆጠረች።

«አሥራ አንድ ሰው፣ ሁለት በግ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «በጎቹንስ የመልስ አስከፍሏቸው ይሆን?»